አንኢምፕሎይመንት (የሥራ አጥነት ክፍያ) እየተቀበሉ ሥራ መፈለግ፦ በሰው በሰው የምንጠይቀው ይቆጠራል ወይ?

የዊተኗ (ጥያቄ)

ጤና ይስጥልኝ። የምኖረው ሜሪላንድ፣ ሞንትጎመሪ ካውንቲ ውስጥ ነው። በአንድ ሆቴል መጀመሪያ በክፍል ጽዳት፣ ኋላም የጽዳት ሠራተኞች ተቆጣጣሪ ሆኜ ስሠራ ቆይቼ፣ ሆቴሉ ሠራተኛ ሲቀንስ ሌይኦፍ ከተደረጉት አንዷ ሆንኩ። አንኢምፕሎይመንት አመልክቼ ተፈቅዶልኛል፤ በየሳምንቱም ቢከን በሚባለው የስቴቱ ድረ ገጽ ገብቼ የሚጠየቀውን እመልሳለሁ። ግራ የሚያጋባኝ በሳምንት ሦስት ጊዜ ሥራ ለማግኘት ያደረግሁትን እንድመዘግብ የሚጠይቀው ክፍል ነው።

እስከ ዛሬ የሠራሁበትን ሥራ ሁሉ ያገኘሁት በሰው ነው፤ አሁንም የምፈልገው እንደዚያው ነው። ሌላ ሆቴል የገቡ የቀድሞ ባልደረቦቼን እጠይቃለሁ፣ ከቅዳሴ በኋላ ለማውቃቸው ሰዎች እናገራለሁ፣ የዕቁባችን ዳኛም የምትሠራው በአረጋውያን መጦሪያ ስለሆነ ቦታ ሲከፈት እንድትነግረኝ አደራ ብያታለሁ። ይህ ሁሉ ከልብ የሆነ ፍለጋ ነው። ቅጹ ግን የድርጅቱን ስም፣ አድራሻውን፣ ያነጋገርኩትን ሰውና ያመለከትኩበትን የሥራ መደብ ይጠይቃል። ለወዳጆቼ መናገሬን ብጽፍ ተቀባይነት ይኖረዋል? ደግሞስ በኢንተርኔት የማገኛቸው ክፍት ቦታዎች አብዛኞቹ ደመወዛቸው እኔ ከነበረኝ በብዙ ያነሰ ስለሆነ፣ ለእነርሱ ማመልከትና ከጠሩኝም መግባት ግዴታዬ ነው? የምታውቁ ብታስረዱኝ እግዚአብሔር ይስጥልኝ እላለሁ።

ሒሳብ ሠሪው

እኅቴ፣ በግብር ወቅት የሰው ወረቀት ስለምሠራ ይህ ጥያቄ በየዓመቱ ይደርሰኛል፤ ሰው ገንዘቡን የሚያጣውም ሥራ ባለመፈለጉ ሳይሆን የፈለገበትን ባለመጻፉ እንደሆነ ደጋግሜ አይቻለሁ።

ሜሪላንድ የምትጠይቀው በየሳምንቱ ቢያንስ ሦስት ሥራ ለማግኘት የሚረዱ ተግባራትን ሲሆን፣ ከሦስቱ ቢያንስ አንዱ ከቀጣሪ ጋር በቀጥታ የተደረገ ግንኙነት መሆን አለበት። ስለዚህ ሦስቱም ማመልከቻ እንዲሆኑ አይጠበቅም፤ አንዱን ቦታ በማመልከቻ ከሞሉ በኋላ፣ የቀሩትን ሁለቱን አሜሪካን ጆብ ሴንተር በሚባለው የሥራ ፈላጊዎች ማዕከል የሚሰጠውን የሬዙሜ አጻጻፍ ወርክሾፕ በመካፈል፣ ጆብ ፌር ላይ በመገኘት፣ ወይም ለቃለ መጠይቅ የሚያዘጋጅ ትምህርት በመከታተል መሙላት ይቻላል። ዊተን ውስጥ ካሉ ማዕከሉ ቅርብዎ ነው። መዝገቡ የሚሞላው ሜሪላንድ ወርክፎርስ ኤክስቼንጅ በሚባለው ሌላ ድረ ገጽ ላይ ነው፤ ቢከን የክፍያው ጉዳይ የሚያልቅበት ነው፣ ወርክፎርስ ኤክስቼንጅ ደግሞ የሥራ ፍለጋው። ሁለቱን እንደ አንድ ቆጥረው ቢከን ላይ «አዎ፣ ፈልጌአለሁ» ብለው ብቻ የሚያልፉ ሰዎች ናቸው ኋላ ሲጠየቁ ባዶ መዝገብ የሚገኝባቸው።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄዎ ልምጣ። ለዕቁብ ዳኛዋ መናገርዎ ከቀጣሪ ጋር እንደተደረገ ግንኙነት አይቆጠርልዎትም፤ እርሷ አትቀጥርም፣ ክፍያውን የሚሰጠው የስቴቱ መሥሪያ ቤትም ደውሎ ሊያረጋግጠው የሚችለው ነገር የለም። ነገር ግን ያው ንግግር አንድ እርምጃ ቢራመድ የሚቆጠር ይሆናል። ሴትዮዋ «እኛ ዘንድ የጽዳት ኃላፊ ሊለቅ ነው» ባለችዎት ጊዜ ቀጣሪው ክፍል ማን እንደሚባል፣ ስልኩን ወይም ኢሜይሉን ይጠይቋት፤ በማግስቱ ለዚያ ሰው ይደውሉ ወይም ማመልከቻውን በድርጅቱ ድረ ገጽ ያስገቡ። መዝገቡ ላይ የሚጽፉት ስለ ዳኛዋ አይሆንም፤ ማክሰኞ ከመጦሪያው የሰው ኃይል ክፍል ጋር በስልክ እንደተነጋገሩ፣ ያነጋገረዎትን ሠራተኛ ስም፣ ስልክ ቁጥሩን፣ የጠየቁት መደብ የጽዳት ሠራተኞች ተቆጣጣሪ መሆኑንና የተሰጠዎትን መልስ፣ ለምሳሌ «ማመልከቻ በኢንተርኔት አስገቢ» መባልዎን ይጽፋሉ። መልሱ «የለንም» ቢሆንም ይቆጠራል። ሕጉ የሚመዝነው መፈለግዎን ነው፤ ቀጣሪው ምን አለ የሚለው የቀጣሪው ጉዳይ ነው።

ሌላው ሰው የማያስተውለው ሳምንቱ ከእሑድ እስከ ቅዳሜ መቆጠሩን ነው። ከእሑድ ቅዳሴ በኋላ ያገኙትን ጥቆማ ይዘው እሑዱን ቢደውሉ ወይም ቢያመለክቱ፣ የሚገባው በአዲሱ ሳምንት እንጂ በዚያው ዕለት ሰርቲፋይ በሚያደርጉት (ማለትም ቢከን ላይ ጥያቄዎቹን መልሰው ክፍያ በሚጠይቁበት) ባለፈው ሳምንት አይደለም። ማመልከቻ ሲያስገቡ የሚመጣውን «ደርሶናል» የሚል ኢሜይል አያጥፉት፤ በስልክ ካመለከቱም የገጹን ምስል ያስቀሩ። ለእነዚህ ኢሜይሎች አንድ የተለየ ማኅደር ቢከፍቱ ከሁሉም የተሻለ ነው።

ስለ ደመወዙ የጠየቁትን በተመለከተ፣ ግዴታው «ተስማሚ ሥራ» የሚባለውን መፈለግና ሲገኝ አለመቃወም ነው። ተስማሚነቱ የሚታየው ከቀድሞ ልምድዎና ከነበረዎት ደመወዝ፣ ሥራው ለጤናና ለደኅንነት ካለው ሁኔታ፣ ከቤትዎ ካለው ርቀትና ሥራ አጥ ሆነው ከቆዩበት ጊዜ አንጻር ነው። ስለዚህ ተቆጣጣሪ የነበረ ሰው ገና በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት በዝቅተኛው ደመወዝ ያልገባ እንደሆነ ወዲያው ክፍያው ይቋረጥበታል ማለት አይደለም፤ ወራት ሲቆጠሩ ግን ያ ሚዛን እየሰፋ ይሄዳል። ከዚህ በተለየ፣ በማንኛውም ስቴት የማይለወጥ የፌዴራል ድንጋጌ አለ፦ የቀረበው ሥራ ደመወዙ፣ ሰዓቱ ወይም ሁኔታው በአካባቢው ለተመሳሳይ ሥራ ከተለመደው በጣም የወረደ ከሆነ፣ ወይም ቦታው የተከፈተው ሠራተኞች አድማ ስለመቱ ከሆነ፣ እምቢ በማለትዎ ሊከለከሉ አይችሉም። ምክሬ ግን ለሁሉም ሳይሆን ለሚመጥንዎት ማመልከት ነው፤ ሳይፈልጉ ያመለከቱበት ቦታ ጠርቶዎት እምቢ ቢሉ ማስረዳት ግድ ይሆንብዎታልና።

ፓርኪንግ ነበርኩ

ወንድማችን የጻፉት ሁሉ በወረቀት ላይ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ነገሩን ከሚገባው በላይ አክብደውታል ብዬ አስባለሁ። በኮሮና ጊዜ እኔም ተቀብያለሁ፣ አንድም ሰው «የት አመለከትህ» ብሎ አልጠየቀኝም። የማውቃቸው ሰዎችም በየሳምንቱ ከስልካቸው ሦስት የድርጅት ስም እያወጡ ይጽፋሉ፣ ክፍያውም ሳይቋረጥ ሃያ ስድስቱን ሳምንት ይጨርሳሉ። መሥሪያ ቤቱ ይህን ሁሉ ሰው እየደወለ የሚያጣራበት ጊዜ የለውም።

ሒሳብ ሠሪው

ወንድሜ፣ በኮሮና ጊዜ ያልጠየቁዎት ግዴታው ለጊዜው ተነሥቶ ስለነበረ ነው፤ በ2021 ተመልሷል። ከዚያ በፊትም በ2012 የወጣው የፌዴራል ሕግ የሥራ አጥነት ክፍያ የሚወስድ ሰው መሥራት የሚችል፣ ለሥራ ዝግጁና ሥራ በንቃት የሚፈልግ መሆን እንዳለበት ደንግጓል፤ ስለዚህ ይህ የአንድ ስቴት ጠባይ አይደለም።

ሁሉንም እንደማያጣሩ እኔም እስማማለሁ። ነገር ግን የሚያጣሩት በናሙና ነው፤ ናሙናው ደግሞ ማንን እንደሚያነሣ አስቀድሞ አይነግርም። ያልተደረገን ግንኙነት ተደረገ ብሎ መጻፍ ከመዝገብ ጉድለት አልፎ ማጭበርበር ይባላል፤ በዚህ ጊዜ የተወሰደውን ከመመለስ በተጨማሪ የፌዴራል ሕግ ቢያንስ 15 ከመቶ ቅጣት እንዲታከልበት ያስገድዳል፣ ዕዳውም ሳይከፈል ከቆየ ከታክስ ሪፈንድ ላይ ይቆረጣል። በየካቲትና በመጋቢት ቢሮዬ መጥተው «ሪፈንዴ የት ገባ?» ከሚሉት ሰዎች ውስጥ የዚህ ዕዳ ያለባቸው አሉ፤ ብዙዎቹ ነገሩን የሚያውቁት ያን ቀን ነው። እውነተኛ ሦስት ተግባር ለመፈጸም የሚወስደው ጊዜ ሦስት የሐሰት ስም አስታውሶ ከመከራከር ያንሳል።

የአሌክሳንድሪያው

ለጠያቂዋ ሳይሆን ይህን ለሚያነቡ ሌሎች አንድ ነገር ልጨምር፤ በእኛ አካባቢ ሰው የሚኖረው አንድ ስቴት፣ የሚሠራው ሌላ ስቴት ነው። ክፍያውን የሚሰጠው የሚኖሩበት ስቴት ሳይሆን የሠሩበት ነው። ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ቤቱ ሆኖ ዲሲ ጋራዥ ውስጥ ሲሠራ የነበረ ሰው የሚያመለክተው ለዲሲ ነው፤ እኔ በምኖርበት በአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ እየኖረ ሜሪላንድ ባለው ቤቴስዳ ሲሠራ የነበረ ደግሞ ለሜሪላንድ። በሁለት ስቴት የሠራ ሰው ደመወዙ ተደምሮ እንዲታሰብለት መጠየቅም ይችላል።

ይህ ለሥራ ፍለጋው ግዴታ ትልቅ ልዩነት ያመጣል። ቨርጂኒያና ዲሲ የሚጠይቁት በሳምንት ሁለት የቀጣሪ ግንኙነት ሲሆን፣ ሜሪላንድ ከላይ እንደተባለው ሦስት ተግባር ነው። በቨርጂኒያ ሁለቱም ከቀጣሪ ጋር የተደረጉ መሆን ስላለባቸው፣ የሜሪላንድ ጎረቤቱ በነገረው መሠረት አንድ ማመልከቻና ሁለት ወርክሾፕ ጽፎ የሚያስገባ የቨርጂኒያ ሰው አንድ ይጎድለዋል። የጓደኛን ምክር ከመከተል በፊት ጓደኛው የሚቀበለው ከየትኛው ስቴት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል። ፍለጋው ራሱ ግን በስቴቱ ወሰን አይታጠርም፤ ሜሪላንድ የምትከፍለው ሰው ቨርጂኒያ ውስጥ ላለ ሥራ ቢያመለክት ይቆጠርለታል።

የዊተኗ

ሁላችሁንም እጅግ አመሰግናለሁ። አሁን ከዳኛዋ የምጠይቀው ምን እንደሆነ ገብቶኛል። ይቅርታ አድርጉልኝና ሦስት ነገር ልጨምር። አንደኛ፣ ቅዳሜና እሑድ በራሴ መኪና ሰው ማመላለስ ብጀምር ክፍያው ጨርሶ ይቆማል ወይ? ሁለተኛ፣ እናቴ አዲስ አበባ ታማለች፤ ሄጄ ባያት፣ በስልኬ ከዚያው ሆኜ ሰርቲፋይ ማድረግና በኢንተርኔት ማመልከት እችላለሁ? ሦስተኛ፣ የግሪን ካርድ ጉዳዬ ገና አላለቀም፣ የምሠራው በወርክ ፐርሚት ነው፤ ይህን ገንዘብ መቀበሌ ጉዳዬን ያበላሽብኛል የሚሉኝ ሰዎች አሉ።

ሒሳብ ሠሪው

የመጀመሪያውን እኔ ልመልስ። አይቆምም፤ ነገር ግን የሠሩትን ማሳወቅ አለብዎት፣ የሚያሳውቁትም ገንዘቡ በተከፈለዎት ሳምንት ሳይሆን በሠሩበት ሳምንት ነው። ሜሪላንድ የመጀመሪያውን 50 ዶላር ትተውልዎታለች፤ ከዚያ በላይ ያለው ከሳምንቱ ክፍያ ላይ ይቀነሳል። የሳምንት ክፍያዎ 400 ዶላር ቢሆንና በዚያ ሳምንት 130 ዶላር ቢያገኙ፣ 80 ዶላሩ ተቀንሶ 320 ይደርስዎታል። መኪና መንዳትዎ የሥራ ፍለጋውን ግዴታ አያስቀርም፤ ሦስቱ ተግባራት እንዳሉ ናቸው። ሰዓቱ በዝቶ ሙሉ ቀን መሥራት እንዳይችሉ ካደረገዎት ግን ለሥራ ዝግጁ ነኝ ማለት ይከብድዎታል።

በዚሁ አጋጣሚ፣ የሥራ አጥነት ክፍያ ፌዴራል ግብር ያለበት ገቢ ነው፤ በጥር ወር የተቀበሉትን የሚያሳይ 1099 ጂ የሚባል ወረቀት ይመጣልዎታል። 10 ከመቶ ከወዲሁ እንዲቆረጥ መምረጥ ይቻላል፣ በሚያዝያ ዱብ ዕዳ ከሚሆን ይሻላል።

አስተርጓሚዋ

እኅቴ፣ እናትዎን እግዚአብሔር ይማርልዎ። በአስተርጓሚነት ሙያዬ በእንዲህ ያሉ ጉዳዮች ችሎት ላይ ስለምቀመጥ የቀሩትን ሁለቱን ጥያቄዎች ልሞክር፤ የሕግ ባለሙያ አለመሆኔን ግን አስቀድሜ እናገራለሁ።

ወደ አዲስ አበባ መሄድ መብትዎ ነው፤ ከአገር ውጭ ለሚሆኑባቸው ሳምንታት ግን ክፍያ መጠየቅ አይገባም። ሰርቲፋይ ሲያደርጉ የሚጠየቁት በዚያ ሳምንት መሥራት ይችሉና ለሥራ ዝግጁ ነበሩ ወይ የሚል ነው፤ ነገ ጧት ሥራ ግቢ ቢባል መግባት የማይችል ሰው በኢንተርኔት ስንት ቢያመለክት ዝግጁ አይባልም። ብዙ ሰው የሚያደርገው እህቱን ወይም ልጁን እዚህ ሆነሽ በስሜ ግቢልኝ ማለት ነው። ይህ ከሁሉ የከፋ ነው፤ የሚስጥር ቁጥርን ለሌላ ሰጥቶ በሐሰት ማረጋገጥ ስለሆነ ኋላ በችሎት ሲነሣ የሚያስረዱበት መንገድ የለም። የሚሻለው ሳይጠይቁ የቀሩባቸውን ሳምንታት መተው፣ ሲመለሱ ደግሞ ቢከን ላይ ገብተው ክሌሙን (የክፍያ ማመልከቻዎን) እንደገና ማስቀጠል ነው። ያልተጠየቀ ሳምንት ከጠቅላላ መብትዎ ላይ አይጠፋም፤ ማመልከቻዎ ከጸናበት ዓመት ሳያልፍ ሊጠቀሙበት ይችላሉ።

ወደ ወረቀት ጉዳይ ስንመጣ፣ ወሬው የመነጨው የሥራ አጥነት ክፍያን ከመንግሥት እርዳታ ጋር ከማደባለቅ ይመስለኛል። ይህ መድን ነው፤ መዋጮውን የሚከፍለው ቀጣሪው ሲሆን መብቱ የሚገኘውም በመሥራት ነው። በ2022 የወጣው የፐብሊክ ቻርጅ ደንብም (አመልካቹ የመንግሥት እርዳታ ጥገኛ ይሆናል ወይ የሚለውን የሚመዝነው) እንደ እርዳታ አይቆጥረውም፤ በጥገኝነት ወይም በስደተኝነት ለገቡ ሰዎች ደግሞ የፐብሊክ ቻርጅ ጥያቄ ከነጭራሹ አይነሣም። የኢሚግሬሽን ደንብ የሚለዋወጥ በመሆኑ ጉዳይዎን የያዘውን ጠበቃ አንድ ጊዜ መጠየቅ አይከፋም።

ከዚያ ይልቅ የሚያሳስበኝ ወርክ ፐርሚትዎ የሚያበቃበት ቀን ነው። ለሥራ ዝግጁ መሆን ማለት በሕግ መሥራት መቻልንም ስለሚጨምር፣ ፐርሚቱ ባለቀባቸው ሳምንታት ሥራ ቢፈልጉም ክፍያ አይገባዎትም። ቀድሞ ማደሻ ያስገባ ሰው አዲሱ እስኪመጣ አሮጌው በቀጥታ ይራዘምለት ነበር፤ ከኦክቶበር 30 ቀን 2025 ወዲህ ማደሻ ላስገቡ አብዛኞቹ ሰዎች ግን ያ መራዘም ቀርቷል። የእርስዎ ካርድ ላይ ያለውን ቀን ዛሬውኑ ይመልከቱት።

በመጨረሻም ያልጠየቁትን ልናገር። ከመሥሪያ ቤቱ ማብራሪያ የሚጠይቅ መልእክት ቢመጣ፣ ወይም ለቃለ መጠይቅ ቢጠሩ፣ እንግሊዝኛ ብዙም አይከብደኝም ብለው ብቻዎን አይግቡ፤ አስተርጓሚ በነጻ የማግኘት መብት አለዎት፤ አማርኛ ብለው ቀድመው ይጠይቁ። «አቬይለብል» ነበርሽ ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ልጄ ታማ ስለነበር ብዙም አልነበርኩም ብሎ በቅንነት መመለስ፣ አንድ ቀን ከሰዓት ሐኪም ቤት የዋለን ሰው ሳምንቱን ሙሉ ሥራ አልፈለገም ሊያሰኘው ይችላል። ችሎት ላይ ደጋግሜ የማየው ይህንኑ ነው። የትኛው ቀን፣ ከስንት ሰዓት እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ፣ ሥራ ቢገኝ ኖሮ ልጅዎን የሚይዝልዎት ሰው እንደነበረ በዝርዝር መናገር ይገባል።

ክፍያ የሚከለክል ውሳኔ ከደረሰዎት በሜሪላንድ ይግባኝ የሚባለው ውሳኔው ላይ ከተጻፈው ቀን ጀምሮ በ15 ቀን ውስጥ ነው፤ ቨርጂኒያ ላሉ 30 ቀን ነው። ይግባኙ እስኪሰማ ድረስ በየሳምንቱ ሰርቲፋይ ማድረግዎንና መዝገቡን መሙላትዎን አያቋርጡ። ተፈርዶላቸው ሳለ በመካከል ያሉትን ሳምንታት ሳይጠይቁ ስለተዉ ብቻ የዚያ ጊዜ ገንዘብ ያልተከፈላቸው ሰዎች አጋጥመውኛል።

የዊተኗ

ካርዴን አየሁት፤ የሚያበቃው በመጪው ክረምት ነው። ማደሻውን መቼ ማስገባት እንደሚሻል ነገ ጠበቃዬን እጠይቃለሁ። ለሁላችሁም እግዚአብሔር ይስጥልኝ።